ሐይቁ ሲሄድና ሲመለስ



ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የሐረማያን ሐይቅ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ ሐይቅ ጨርሶ ደረቀ። ከአስር ዓመት በላይ ሜዳ ሆኖ ከቆየ በኋላ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ውሃው ተመልሶ ታየ፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ የምናነሳው አገሬው ይህን ለውጥ እንዴት እንዳየው ነው።

አንድ ቦታ ነው፣ የሚያየው ዓይን ግን ብዙ ነው። በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን ዳርቻው እስከየት ይደርስ እንደነበረ፣ ዓሣ የሚጠመድበትንና ወፍ የሚሰፍርበትን ቦታ በእጃቸው ያሳያሉ። ሐይቁ ሲደርቅ የተወለደው ልጅ ግን ያደገው ከብት የሚግጥበትን ሜዳ እያየ ነው። ላላየው ነገር አያዝንም። ውሃው ሲመለስ የግጦሽ መሬት እንደተወሰደበት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

የሐረር እናቶች ለውጡን ያወቁት በጀሪካን ነው። ከተማው ለአስርተ ዓመታት የጠጣው የሐረማያን ውሃ ነበር። ሐረማያ ከባህር ጠለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፣ ሐረር ከሱ ዝቅ ትላለች። ሐይቁ ካለቀ በኋላ ውሃው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከድሬዳዋ ወገን፣ ከቆላው፣ ሽቅብ በፓምፕ መገፋት ነበረበት። ከላይ ይመጣ የነበረው ከታች መጣ ማለት ነው።

ገበሬውስ? ጫት በበጋ ዋጋው ይወጣል፤ በበጋ እንዲያቆጠቁጥ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። (ጫት ሐላል ነው ሐራም ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አንነካውም፤ እሱ የራሱ ፕሮግራም ይፈልጋል።) ውሃው በሸሸ ቁጥር የፓምፑ ጎማ ይረዝማል። ሐይቁ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ተራቁተው ስለነበር የታጠበው አፈር ሐይቁን ከስር ሞላው፤ ጥልቀት ያጣ ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። ገበሬው ከተማው ጠጣው ይላል፤ ከተሜው ጫቱ ጨረሰው ይላል፤ ሌላው ዝናብ ጠፋ ይላል። ብዙዎች ደግሞ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። በቀደር ማመን ከእምነታችን መሠረት ነው፤ ፓምፕን ከጀርባው መደበቂያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ ሩም 41ኛው አንቀጽ ላይ በየብስና በባሕር የሚታየው ብልሽት ከሰዎች እጅ ሥራ ጋር ተያይዞ ተነግሯል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሃን ሰዎች በጋራ ከሚካፈሏቸው ነገሮች መቁጠራቸውንም ሁላችንም ሰምተናል። በእኛ አመለካከት ዝናብም የራሱ ድርሻ አለው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የእኛው ነው።

አሁን ውሃው ተመልሷል፤ ፓምፑም አልጠፋም። በየአፎቻችን ቡና ሲፈላ ይህ ጉዳይ ይነሳ እንላለን። ማን በየትኛው ቀን ይቀዳል? ከዳርቻው ምን ያህል ርቀት ሳይታረስ ይቆያል? ኮረብታው ላይ ማን እርከን ይሠራል? ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ የወሰነውን ሰው ያከብረዋል። አዛውንቶችም ልጆቹን ይዘው ይውጡና የድሮው ዳርቻ የነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያቁሙ። ወጣቱ ሐይቁ ምን ያህል እንደተመለሰና ምን ያህል እንደቀረ የሚለካበት ሌላ ነገር የለውም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በደረቁ ወለል ላይ ሰው ጉድጓድ ሲቆፍር፣ መሬትም ሲይዝ ነበር። ውሃው ሲመጣ ይህ የማን ሊሆን ነው? ሽማግሌዎችና ዑለማዎች ጠብ ሳይነሳ ቀድመው ሊቀመጡበት ይገባል። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከዚሁ እንቀጥላለን፣ ኢንሻአላህ።