ስለ ተማሪዎች የልምምድ ምክር ቤት

(በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ አነስተኛ ሥራ እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሥራው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የልምምድ ምክር ቤት ማቋቋም ነው። ይኸውም ተማሪዎች እንደራሴ፣ አፈ ጉባኤና ሚኒስትር ሆነው ረቂቅ ሕግ የሚያቀርቡበት፣ የሚከራከሩበትና ድምፅ የሚሰጡበት ክበብ ማለቴ ነው። በየትምህርት ቤቱ ክበብ ሞልቶ ሳለ ሌላ መጨመር ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከምክንያቱ እጀምራለሁ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት ይሰጣል። 12ኛ ክፍልን የሚጨርስ ልጅ እዚያው ዕድሜ ላይ ነው። ስለ ምክር ቤት በመጽሐፍ አንብቦ፣ በፈተናም መልሶ ይሆናል። ነገር ግን ሐሳብ አቅርቦ፣ ተከራክሮ፣ በድምፅ ብልጫ ተረትቶ፣ በማግሥቱ ከረታው ጓደኛው ጋር በአንድ ዴስክ መቀመጥን ማን አስተማረው? ዋና በደረቅ መሬት እንደማይለመድ ሁሉ ይህም በንባብ ብቻ አይለመድም። እንግዲህ የዚህ ክበብ ዋና ትምህርት በሥርዓት መሸነፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ከራሳችን ታሪክ ተነሥቼ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የጭሰኞችን ጉዳይ የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ሲታይ፣ የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ተሰለፉ። ረቂቁ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ሳይጸድቅ ቀረ። የገጠር መሬት ዐዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ ፓርላማው ከተዘጋ በኋላ፣ በደርግ እጅ ነበር። ከዚያም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአንድ አዳራሽ ሲከራከሩ የነበሩ ወጣቶች በኢሕአፓና በመኢሶን ተለያይተው ተገዳደሉ፤ ቀይ ሽብርም ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹን ፈጀ። የጥፋቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ አንድ ክበብ ቢኖር ኖሮ ይቀር ነበር የሚል የዋህ የለም። ሆኖም ያ ትውልድ ዕውቀትም፣ ድፍረትም፣ ያገር ፍቅርም አልጎደለውም ነበር። የጎደለው በክርክር የተረታ ወገን ሳይዋረድና ሳይፈራ ለነገ የሚያድርበት ቤት ነው።

ሥርዓቱ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በሕዝብ ፊት ቆመው፣ ማርና ፈረስ እየተወራረዱ በአንደበታቸው ይፋለሙ ነበር። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ወጣቱም ወደ መሪነት ከመድረሱ በፊት በየዕርከኑ ይሠለጥናል። በውጭ አገርም ቢሆን፣ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1936 በወወክማ የተጀመረው የወጣቶች የልምምድ ምክር ቤት ወደ ሌሎቹ ግዛቶች ተስፋፍቶ ዛሬም ይሠራል። በብሪታንያም የወጣቶች ፓርላማ አባሎች እ.ኤ.አ. በ2009 በእውነተኛው የሕዝብ እንደራሴዎች አዳራሽ ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራክረዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በአንድ ትምህርት ቤት 30 ያህል ተማሪ፣ አንድ አማካሪ መምህር፣ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ አንድ የቃለ ጉባኤ መዝገብና አንድ ደወል ይበቃል። ስብሰባው በ15 ቀን አንድ ጊዜ፣ ለ2 ሰዓት ነው። ሺ ፍልጥ ማሠሪያው ልጥ ነውና ደንብ ያስፈልጋል፤ ደንቡንም ከሕገ መንግሥቱ መቅዳት ይቻላል። ምልዓተ ጉባኤው ከአባሎቹ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ውሳኔ የሚያልፈው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን ባለሥልጣኖች ጠርቶ ይጠይቃል። በአንቀጽ 54 እንደ ተደነገገውም፣ ማንም አባል በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም። ይህ የመጨረሻው ወደ ትምህርት ቤት ቋንቋ ሲመለስ፣ ተማሪው በጉባኤው ስለ ተናገረው ቃል «ወላጅ አምጣ» አይባልም ማለት ነው።

ረቂቁ ተማሪዎቹ ከሚያውቁት ሕይወት ይውጣ። ለምሳሌ አርፍዶ የመጣ ተማሪ በር ይዘጋበት ወይስ አይዘጋበት የሚለውን እንውሰድ። ረቂቁ በመጀመሪያ ይነበባል። ቀጥሎ ለ5 ሰዎች ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ዘበኛውን፣ ዩኒት ሊደሩንና ከሩቅ በእግር የሚመጡትን ተማሪዎች ይጠይቃል። ከዚያ ደጋፊና ተቃዋሚ በተራ፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ እየተሰጠው ይናገራል። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የተሸናፊዎቹ ሐሳብ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተርም እንደገና ሊያቀርቡት ይችላሉ። ይህን የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ተቀምጦ ያዳምጥ።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ዐውቃለሁ። አንደኛው፣ የፖለቲካ ድርጅቶች ጠብ ወደ ትምህርት ቤት ይገባል የሚለው ነው። ስጋቱ ተገቢ ስለ ሆነ ደንቡ ይመልስለት። በክበቡ የእውነተኛ ፓርቲ ስም አይጠራም፤ ደጋፊና ተቃዋሚ በዕጣ ይለያል፤ ዕጣውም በየሴሚስተሩ ይለወጣል። ልጁ ትናንት የተቃወመውን ሐሳብ ዛሬ ሊከራከርለት ይገደዳል። ዕጣ ደግሞ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው፣ ከጥናት ጊዜ ይሻማል የሚለው ነው። በ15 ቀን 2 ሰዓት ብዙ አይደለም፤ አንድን ሐሳብ በ3 ደቂቃ አሳጥሮ መናገርም ራሱ ጥናት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ምክር ቤቱ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር። እኔ በተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት የሚባል ነበረ። አባሎቹን የሚመርጠው ቢሮው ነው፤ ሥራቸውም እንግዳ ሲመጣ ወንበር መደርደርና ማጨብጨብ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ሲወስኑ አላየሁም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የቆመውን የመጀመሪያውን ፓርላማ እንደራሴዎችም ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተደነገገው በ1948ቱ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ሰው የማያስመርጥ፣ የማይጠይቅና መልስ የማያገኝ ምክር ቤት ልጆቹን የሚያስተምራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምክር ቤት ሁሉ ከንቱ ነው የሚለውን።

ስለዚህ አንድ ነገር ሳይፈጸም ክበቡ እንዳይከፈት እለምናለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርም ያዛል፤ ካልፈረመም ሕጉ ይጸናል። የትምህርት ቤት ዲሬክተር በተማሪዎች ውሳኔ ይገደድ አንልም፤ ሥልጣኑም ኃላፊነቱም የእርሱ ነው። ነገር ግን በ15 ቀን ውስጥ እሺ ወይም እንቢ ብሎ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ መልሱ በጉባኤው እንዲነበብ አስቀድሞ ይስማማ። ምክንያት ያለው እንቢታ ልጅን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዝምታ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። 20 ፈቃደኛ ተማሪዎች ቢገኙ፣ ሁለት ሁለት ሆነን በ10 ትምህርት ቤቶች መጀመር እንችላለን። ሥራችን ደንቡን ማስረዳትና የመጀመሪያዎቹን 3 ስብሰባዎች መርዳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ የልጆቹ ነውና ከኋላ ተቀምጠን ማዳመጥ አለብን። መምህራኖቻችን ደግሞ የደንቡን ረቂቅ እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለኅብረቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ።

ይህ ሐሳብ ዛሬ በድምፅ ብልጫ ቢወድቅ፣ ምክንያታችሁ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍልኝ ብቻ እለምናለሁ፤ አሻሽዬው በሚቀጥለው ጉባኤ እመለሳለሁ።