የእናት ድካም እሪ በከንቱ እንዳይሆን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በአዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ እሪ በከንቱ በመባል የሚታወቅ ሰፈር አለ። በቀድሞ ዘመን በዚያ የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል ደራሽ ስለማያገኝ ስሙ እንደወጣለት ይነገራል። በዚያው በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የገበሬውን ሽንኩርትና ቲማቲም ለከተማው ሲያከፋፍል ኖሯል። ገበያው ቦታ ለወጠ፤ አትክልቱን የሚያርሙና የሚለቅሙ የቀን ሠራተኛ እናቶች ድካም ግን ዛሬም ሰሚ ይሻል።

እንደሚታወቀው አረምና ለቀማ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ተብሎ የሚሠራ ነው። ከወሊድ በኋላ ቶሎ ከባድ ሸክም መሸከም ለማሕፀን መውረድ ያጋልጣል። መጸዳጃ በሌለበት ማሳ ውኃ ሳትጠጣ፣ ሽንቷን ይዛ የምትውል ነፍሰ ጡር በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ልትያዝ ትችላለች፤ ይህም ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይደርሳል፣ ያለጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም በተጨማሪ የፀረ ተባይ መድኃኒት በቆዳ በኩል ይገባል። ብዙውን ጊዜ የረጪውን ልብስ የምታጥበው ሚስቱ በመሆኗ፣ እርሷ ባትረጭም መርዙ ይደርሳታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። ለእርግዝና ምርመራም ክፍያ ያለው ፈቃድ ፈቅዷል። ሆኖም ዛሬ ተቀጥራ ነገ ለምትሰናበት የቀን ሠራተኛ ይህ መብት በተግባር አይደርሳትም። ጤና ጣቢያ የዋለችበት ቀን ገንዘቡ ይቀርባታል፤ ስለዚህ ምርመራውን ትተወዋለች። ሊታከም የሚችለው ሕመምም ሳይታወቅ ይከርማል።

በመሆኑም ሠራተኛ የሚቀጥር አባል ሁሉ አሠሪ መሆኑን ሊያስብ ይገባል። ነፍሰ ጡሮችን ከርጭትና ከሸክም ማራቅ፣ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ ማንንም ወደ ተረጨ ማሳ አለማስገባት፣ ለምርመራ የዋሉበትን ቀን ክፍያ አለመቁረጥ፣ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃና ሕፃን የሚጠባበት ጥላ ማዘጋጀት ከአቅም በላይ አይደለም። መሠረታዊ ማኅበራት እነዚህን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያካትቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በለቀማ ወቅት ማሳ ድረስ ቢመጡ ብዙ ሕመም ይቀራል።

አንድ ገበሬ ስለ ዋጋ ብቻውን ቢጮኽ የሚሰማው አልነበረም፤ ዩኒየን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የቀን ሠራተኛዋ እናት ግን ማኅበር የላትም። ጩኸቷ በከንቱ እንዳይቀር የሚያደርገው የቀጠራት አባል ነው።

መልካም በዓል!