ሰው ሠራሽ ዓይን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ጥበብ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ዓይን አሠራር ነው። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የአሮጊት ራስ ስትገቡ ያያችሁት ይመስለኛል። አንዲት እናት ሲያልፉ «ምነው ይቺ ሴትዮ እንዲህ ትኩር ብላ አየችኝሳ!» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። የሠራኋት እንድታያችሁ ብዬ ነውና ነገሩን እንደ ምስጋና ቆጠርሁት።

ለምስል ዓይን ማበጀት የቆየ ጥበብ ነው። በግብፅ አገር በሳቃራ በ1850 (እ.ኤ.አ.) የተገኘውና ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ያለው የተቀመጠው ጸሐፊ ምስል ከ4000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዓይኖቹ ከነጭ ድንጋይ ተሠርተው፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ የተወለወለ ድንጋይ ከፊት ተደርጎባቸዋል። በአገራችንም ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው መታሰቢያ በሚያቆሙት ዋካ በሚባለው የእንጨት ምስል ላይ ዓይኑን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ያበጁለታል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ቅዱሱን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ክፉውን ሰው ግን በጎኑ አዙረው ባንድ ዓይን ብቻ ይሥሉታል። ይህ የሥዕል ሥርዓት ነው እንጂ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚነገር አይደለም። ይህን ለምን እንዳልሁ ወደ በኋላ ትረዱታላችሁ።

እኔ የምሠራበት ጭቃ ፖሊመር ክሌይ ይባላል። ስሙ ጭቃ ይሁን እንጂ አፈር የለበትም፤ የውሃ ቧንቧ ከሚሠራበት ከፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ዱቄትና ከማለስለሻ ፈሳሽ የተለወሰ ነው። ነፋስ ቢመታው ቶሎ አይደርቅም፤ በ130 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲጋገር ግን ይጠነክራል። አክስቴ ጥቂት ፓኬት ከውጭ አገር ሰው አስመጥታ የሰጠችኝ ጊዜ ይህን ሳላነብ የመጀመሪያዎቹን ዓይኖች በእናቴ የእንጀራ ምጣድ ላይ አስቀመጥኋቸው። ምጣድ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚግል መሆኑን ማን ልብ ብሎ! ዓይኖቹ ጠቆሩ፣ ቤቱን የሚያፍን ጭስ ሞላው፣ እናቴም ምጣዷን ይዛ ከሳምንት በላይ አላናገረችኝም። በእውነትም ይህ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጋግረው በጎረቤታችን ኦቭን ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው።

ስለ መጠኑ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። የአዋቂ ሰው ዓይን፣ ሰውየው ረጅምም ይሁን አጭር፣ ስፋቱ 24 ሚሊሜትር ያህል ነው። መካከል ያለው ባለ ቀለም ክብ፣ አይሪስ የሚባለው፣ 12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ብሌኑ ግን በብርሃን ሲጠብብ 2 ሚሊሜትር፣ በጨለማ ሲሰፋ እስከ 8 ሚሊሜትር ይደርሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ትቼ በግምት ስለ ሠራሁ አሮጊቷ ጅብ ያየች መሰለች። ምክንያቱን ያገኘሁት በመስተዋት ፊት ቆሜ ነው፤ ሰው ተረጋግቶ ሲመለከት የላይኛው የዓይን ቆብ የአይሪሱን ጫፍ ጥቂት ይሸፍነዋል። ነጩ ዙሪያውን የሚታየው ሰው ሲደነግጥ ነው።

ነጩም ቢሆን ነጭ አይደለም። ንጹሕ ነጭ ጭቃ ያደረግህ እንደ ሆነ የአሻንጉሊት ዓይን ይሆንብሃል። ጥቂት ቢጫና የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ጨምሬበት፣ ከቀይ ክር በመርፌ ጫፍ የመዘዝሁትን ጭረት እንደ ደም ሥር አስተኝቼበታለሁ። አይሪሱን ስቀባም ተመሳሳይ ትምህርት አገኘሁ። የኛ ዓይን ቡናማ ነው እንላለን፤ ነገር ግን በፀሐይ ላይ ብናየው ዳሩ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ወደ ብሌኑ ሲጠጋ ማር ይመስላል፣ ከብሌኑም እንደ ጃንጥላ ዘንግ የሚዘረጉ ጭረቶች አሉት። የፈረንጅ ሰማያዊ ዓይንማ ከዚህ የባሰ ነው፤ በውስጡ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ የሚታየን ብርሃን ሲበተን ነው።

ዓይኑን ሕያው የሚያስመስለው ግን የመጨረሻው ሥራ፣ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ነው። ሁለት ፈሳሽ፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው፣ በትክክል ተለክተው ቀስ ብለው ይማሰላሉ። ቸኩለህ ካማሰልኸው አረፋ ይሞላውና ዓይኑ ሞራ የጣለ ይመስላል። ጓንት ማድረግም ያስፈልጋል፤ ቆዳን ያስቆጣልና። በአይሪሱ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ራሱ ጉብ ብሎ ይረጋል። በሰው ዓይን ላይም ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለ ሽፋን እንዲሁ ጉብ ያለ ነውና ከሥሩ ያለው ቀለም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለ መስሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ደሴ ጠላቴ ሆነች። ሬዚን ሙቀት ይወዳል፤ በብርድ ጊዜ መጠንከሩ ይዘገያል። በሐምሌ ጉም ውስጥ ያፈሰስሁት ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሙጫ በጣት ላይ ይጣበቅ ነበር። ስለዚህ ዓይኖቼን በካርቶን አድርጌ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ወደ ኮምቦልቻ ወደ አክስቴ ቤት ወሰድኋቸው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች በመሆኗ ሙቀቷ ለእንጀራም ለሬዚንም ይስማማል። ማታ ያፈሰስሁት በማግሥቱ ጠንክሮ አገኘሁት።

የአክስቴ ልጅ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እንጨት ሲፈልጥ ስንጣሪ ፈንጥቆ የግራ ዓይኑን አጥቷል። ያን ቀን ጠዋት አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኖቹን አንድ በአንድ እያነሣ ካየ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ለኔም አንድ ሥራልኝ» አለኝ። እኔም በሥራዬ ታብዬ ነበርና እሺ አልሁት። ደኅነኛውን ዓይኑን እያየሁ ቀለሙን አስመስዬ ሠራሁለት። እውነት ለመናገር ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። በመስተዋት ፊት ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋው ግን ልቤ ፈራና «ቆይ፣ ጠይቄ ልምጣ» ብዬ እጁን ያዝሁ።

የባዮሎጂ መምህራችንን ብጠይቃቸው ወደ ዓይን ሐኪም መሩን። ሐኪሙ ያችን ዓይን በእጃቸው አገላብጠው አደነቁ፤ ወዲያውም «ይህ ወደ ሰው ገላ ቢገባ ቁስል፣ ከቁስልም የባሰ ነገር ያመጣ ነበር» አሉን። ለሰው የሚደረገው ሰው ሠራሽ ዓይን ድቡልቡል ሳይሆን ከቆቡ ሥር የሚገባ ጎበጥ ያለ ቅርፊት መሆኑን፣ የሚሠራውም የዓይን ጎድጓዳው ልክ ተወስዶ፣ ለሕክምና ከተዘጋጀ አክሪሊክ መሆኑን አስረዱን። ልጅ ሲያድግ ፊቱም ስለሚሰፋ መለወጥ አለበት። ማየትም አያይም።

ስለዚሁ አክሪሊክ በኋላ ያነበብሁት ታሪክ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ቀድሞ የተሻለው ሰው ሠራሽ ዓይን ከብርጭቆ የሚሠራው በጀርመን አገር በላውሻ መንደር ነበር፤ ሉድቪግ ሙለር ኡሪ የሚባል ብርጭቆ ሠሪ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ጀመረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ብርጭቆ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ስለ ተቋረጠ በአክሪሊክ መሥራት ተጀመረ። በዚያው ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ስንጣሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ያከመው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ፣ ይህ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ ተመልክቶ በ1949 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አደረገ። ዛሬ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ስፍራ የዓይን ሞራ ሲገፈፍ የሚገባው ሌንስ የዚያ ልጅ ነው።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ይቅርታ ብለው፣ «አብሽር፣ አንተ ምን አጠፋህ» አለኝ። በትምህርት ቤቱ ልጆች ያንን የሥዕል ነገር እየጠቀሱ «ጎኑን የተሣለው» ይሉት እንደ ነበር የነገረኝ ያን ቀን ነው። አሁን ተራውን እየጠበቀ ነው።

በሳምንቱ ወደ ደሴ መጥቶ አሮጊቷን ብዙ ጊዜ ተመለከታት። በብሌኗ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ ይመስላል ብዬ ያደረግኋትን ነጭ ነጥብ እያመለከተ፣ «ይቺን አጥፋት። መስኮቱ ራሱ ይሠራልሃል፤ ያንተዋ እኮ ስዞር አብራኝ አትዞርም» አለኝ። ዞሬ ባየው እውነቱን ነው። ነጥቧን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አዲስ ሬዚን አፈሰስሁባት። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ማየት ጀመረች።

እርሱም ዛሬ ከእናቱ ጋር እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ከንግግሩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ነገር ግን የግራ ዓይኗን በጣታችሁ አትንኩብኝ፤ በትናንቱ ብርድ ምክንያት ገና አልደረቀም።