የሚሞላ ባትሪ በቁልፍ ብቻ አይጠበቅም

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ትንሽ ይመስላል፤ ስለ ባትሪ ነውና። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ሌሊት ወደ ታመመ ሰው የሚጠራ ካህን፣ ምጥ ወደ ያዛት እናት የምትገሠግሥ አዋላጅ፣ በኩራዝ ጭስ ዓይኑን እያሸ የሚያጠና ተማሪ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ንግግራችንን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት የገጠር ደብር ኃይል የሚሞሉ ፋኖሶችን አስረክበን ነበር። በርክክቡ ዕለት «የምእመናን ገንዘብ የወጣበት ነውና በጥንቃቄ ይያዝ» አልን፤ ከዚህ ሌላ ስለ አያያዙ የተናገርነው ነገር አልነበረም። የደብሩ አገልጋዮች ቃላችንን አከበሩ። ክረምቱ ሲገባ ፋኖሶቹን በጨርቅ ጠቅልለው በዕቃ ቤት ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ካህናቱ ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በጨለማ በስልካቸው ብርሃን ሲመላለሱ ከረሙ። ከመስቀል በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት አብዛኞቹ ፋኖሶች አልበሩም፤ ኃይል ተሞልተውም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልቆዩም። መሪጌታው «አጥብቀን ጠብቀን ገደልናቸው» ሲሉን የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእነርሱ አልነበረም።

የአምስቱን ልባሞች ደናግል ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ዘይት በማሰሮ ተከድኖ ይጠብቃል፤ የባትሪ ኃይል ግን እንደ ዘይት አይደለም። ባትሪው ሳይሠራም ኃይሉ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ባዶ ሆኖ ሲቆይም ባትሪው ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ የሚሞላ ባትሪ የሚጠበቀው ተቆልፎበት በመቀመጥ ሳይሆን በሥራ ላይ በመዋልና በጊዜው በመሞላት ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በየቤታችን የሚገኙት የሚሞሉ ባትሪዎች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። በመኪና ውስጥ ያለው ዓይነት ሲሆን፣ በርካሽ የእጅ ባትሪዎችና ፋኖሶች ውስጥም በትንሹ ተሠርቶ ይገባል። የዚያች ደብር ፋኖሶች የያዙት ይህንኑ ነበር። ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ጨው መሰል ነገር እየጠጠረ ኃይል የመቀበል አቅሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ከተሠራበት በኋላ ሳይውል ሳያድር ይሞላ፤ የሚቀመጥ ከሆነም ሞልቶ ይቀመጥ፤ በየወሩም ይሞላ።

ሁለተኛው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ነው። መልኩና መጠኑ በሱቅ እንደምንገዛው ተራ ድንጋይ ስለሆነ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ ይሆናል። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን ይህ 1.2 ቮልት ነው። ልዩነቱን አይተው «ደካማ ነው» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ተራው ድንጋይ እየተሠራበት ሲሄድ ቮልቱ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ የሚሞላው ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ በ1.2 ቮልት ጸንቶ ይቆያል። ከዚያም በድንገት ይወድቃል። ብርሃኑ ደከም ሲል ወዲያው አውጥቶ መሙላት ይገባል፤ አሟጥጦ መጠቀም ይጎዳዋል። አዲሱን ከአሮጌው፣ የሞላውን ከባዶው ጋር ቀላቅሎ መጠቀምም እንዲሁ። ተራው የኒኬል ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ብቻውን እያለ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ኃይል ያጣል። ከ2005 ጀምሮ ግን ተሞልቶ ከአንድ ዓመት በኋላም አብዛኛውን ኃይሉን የሚጠብቅ ዓይነት በገበያ ላይ ይገኛል፤ ልዩነቱን ጠይቆ መግዛት ይጠቅማል።

ሦስተኛው በስልኮቻችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ለገበያ የቀረበው በ1991 ነው፤ ለመፈልሰፉ መሠረት የጣሉ ሦስት ሊቃውንትም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጠላቱ ሙቀት ነው። በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ስንጠቀም ሰሌዳው ተነጥሎ የሚወጣ ከሆነ ሰሌዳውን ብቻ ለፀሐይ ሰጥተን ፋኖሱን በጥላ ማኖር ይገባል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ እንደ እርሳሱ ባትሪ ሞልቶ ሳይሆን ግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ፈጽሞ ሊሞላ አይገባም።

እንግዲህ የትኛው ለየትኛው መሣሪያ ይሁን? መመዘኛው መሣሪያው ኃይል የሚጠጣበት ፍጥነት ነው። በየሌሊቱ ለሚሠራ የእጅ ባትሪ፣ ለድምፅ ማጉያና ገመድ ለሌለው ማይክሮፎን፣ በየዕለቱ ለሚደመጥ ሬዲዮ የሚሞላው ይበጃል። ለግድግዳ ሰዓት ግን ተራው ድንጋይ ይሻላል። አንድ የሚሞላ ባትሪ የተራውን አምስት እጥፍ ዋጋ ያወጣል እንበል። በየሳምንቱ ድንጋይ በሚለወጥበት ድምፅ ማጉያ ውስጥ ከገባ የመሙያውን ዋጋ ሳንቆጥር በአምስት ሳምንት ወጪውን ይመልሳል፤ አንድ ድንጋይ ለዓመት በሚበቃው ሰዓት ውስጥ ከገባ ግን አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሁሉንም በሚሞላ መለወጥ ሳይሆን ለይቶ መግዛት ነው ቁጠባ የሚባለው።

ስንገዛም በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ። 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 200 ሚሊ አምፔር ለሚጠጣ መብራት በአዲስነቱ 10 ሰዓት ያህል ያገለግላል። በተለይ በትልቁ ድንጋይ መጠን የተሠሩትን እንመርምር። እውነተኛው ትልቅ የኒኬል ባትሪ ከ8000 እስከ 10000 ይይዛል፤ በትልቅ ቀፎ ውስጥ ትንሹን ባትሪ ደብቀው 2500 ብቻ የሚይዙም አሉ። ክብደቱን በእጅ መዝኖ ማወቅ ይቻላል፤ ቀሎ የተገኘ አይገዛ።

አባቶቻችን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተው ጥቂት ሲያሠሩት አይተናል። እውነትነት አለው፤ ሙቀቱ በውስጡ የቀረችውን ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርም። ከዚህ ተነሥቶ ተራውን ድንጋይ በባትሪ መሙያ ውስጥ ማስገባት ግን አደጋ ነው፤ ሊያፈስስና ሊፈነዳ ይችላል። ያለቀ ባትሪም በእሳት አይጣል፤ በምንጭና በጉድጓድ ውኃ አጠገብ አይቀበር፤ የልጆች መጫወቻም አይሁን። እርሳስ መርዝ ነው፤ በአሮጌ የኒኬል ባትሪዎች ውስጥ ያለው ካድሚየምም እንዲሁ። እስኪወገድ ድረስ በደረቅ ዕቃ ለብቻው ይጠራቀም።

የተከበራችሁ አባላት፦ ከዚያች ደብር የተማርነውን በተግባር ለመግለጥ ሦስት ነገሮችን እንለምናለን። አንደኛ፣ በየደብሩ ለባትሪዎች አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛ፣ የተገዛበትና የተሞላበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ መብራቶቹ ከሣጥን ወጥተው ለሌሊት አገልግሎት ለሚሄዱ ካህናትና ለችግረኛ ተማሪዎች በተራ ይሰጡ። ሲመለሱ ተሞልተው ለቀጣዩ ይተላለፉ።

እኛም በበኩላችን ከእንግዲህ ዕቃ ብቻ አናስረክብም፤ አያያዙን በጽሑፍና በተግባር አሳይተን እናስረክባለን። ያንን ቀድመን አድርገነው ቢሆን ኖሮ የዚያች ደብር ካህናት ክረምቱን በጨለማ ባልተመላለሱ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።