ወደ ፎረንሲክ ሳይንስ የሚያስገባው በር
(ጉለሌ ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፎረንሲክ ሳይንስ ለመማር የሚሹ ጓደኞቻችን «በሩ የት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። በሩ አንድ ብቻ አይደለም። መርዝን ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ኬሚስትሪን፣ ደምን ለመመርመር የሚሻ ባዮሎጂን ይማር። የሞትን ምክንያት ሊናገር የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ሐኪም ሆኖ፣ ቀጥሎ በፓቶሎጂ ወይም በሕግ ሕክምና መሠልጠን አለበት። እዚሁ ጉለሌ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የሕክምና ትምህርትም የአስከሬን ምርመራም አለ።

«ተማሪ ምን አቅም አለው?» ለምትሉ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው የአጥንት ሊቅ ክላይድ ስኖው አርጀንቲና ውስጥ በወታደራዊው መንግሥት የተገደሉትን ሰዎች አጽም ለማውጣት በተነሡ ጊዜ፣ የተከተሏቸው የአርኬዎሎጂ፣ የአንትሮፖሎጂና የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ያው ቡድን ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጥሪ ወደ አገራችን መጣ፤ በደርግ ዘመን የተገደሉትንም ከጅምላ መቃብር አወጣ። ልጇ የወደቀበትን ሳታውቅ ለኖረች እናት ይህ ዕውቀት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ስለዚህ ከዛሬው የላቦራቶሪ ሥራችን እንጀምር። ናሙናውን ማን እንደ ወሰደ፣ ማን እንዳሸገ፣ ማን መቼ እንደ ተረከበ መጻፍ እንልመድ፤ ይህ ሰንሰለት ከተበጠሰ ማስረጃው በችሎት ፊት ዋጋ ያጣል። ከሁሉ በላይ፣ ማስረጃው ያልተናገረውን አንናገር። «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር መርማሪ ንጹሕን ሰው ወኅኒ ያስገባል።