ከክሌይዎርዝ የሄዱት ሰዎች



የእንግሊዝ ገበሬ በአያት ቅድመ አያቱ ቀዬ ሳይነቃነቅ ኖረ ይባላል። በኖቲንግሃምሻየር የምትገኘው ትንሿ የክሌይዎርዝ ደብር ግን ሌላ ትመሰክራለች። የደብሩ ቄስ ዊልያም ሳምፕሰን ነዋሪዎቹን በየቤቱ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ በ1676 እና በ1688 እ.ኤ.አ. ዘርዝረው ነበር፤ በፊት 401፣ ኋላ 412 ነፍስ። ድምሩን ብቻ ያየ ምንም አልተለወጠም ይላል። ስሞቹ ሲነጻጸሩ ግን ከቀድሞዎቹ 244ቱ የሉም። ከፊሎቹ ሞተዋል፤ የሚበዙት ሄደዋል፣ በተለይም ጌታ የሚቀያይሩት ወጣት አገልጋዮች።

ከ1538 ጀምሮ የተጣለው የደብር መዝገብ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን ይጽፋል፤ መሄድን ግን አይጽፍም። እንግዲህ ከእርሱ ብቻ የምናወጣው የዘር ሐረግ የቀሩት ሰዎች ሐረግ ነው። ገረዲቱን የምናገኛት፣ ዕድል ከቀናን፣ ከጎረቤት ደብር የጋብቻ ገጽ ላይ ነው።