ማስታወቂያን ያልመረመረ ልጅ የጦርነት ወሬን አይመረምርም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

እኛ የወልቂጤና የቡታጅራ ሰዎች ንግድን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የበርበሬ ጆንያ ሲፈታ ላዩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የለም። እጁን ወደ ውስጥ ከትቶ ያወጣል፣ ያሸታል፣ እርጥበቱን ይዳስሳል። ወደ ጆሯችን የሚገባውን ወሬ ግን ይህን ያህል አንመረምረውም። የዛሬው ርዕሳችንም ልጆቻችን ወሬን እንደ ጆንያ እጃቸውን ከትተው እንዲመረምሩ እንዴት እናስተምራቸው የሚል ነው።

ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረውት፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ምንም ውሸት አልተናገረም። ከላይ ያለው እህል በእርግጥ ደረቅ ነበር። ማታለል ማለት ውሸት መናገር ብቻ ሳይሆን እውነቱን ከላይ ደርድሮ ጉድለቱን ከሥር መደበቅም ነው።

ማስታወቂያ በራሱ ሐራም አይደለም። ያለውን ዕቃ በእውነት የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ብዙው ማስታወቂያ የሚሠራባቸው አራት መንገዶች አሉ። አንደኛ፣ የሰውን ጉድለትና ምኞት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰው ከሚወደው ነገር ጋር ዕቃውን ያስራል፤ ረመዳን ሲቃረብ ለስላሳ መጠጡ በኢፍጣር ማዕድ ላይ ከተምሩ ጎን የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ስጦታ ይሰጣል። አራተኛ፣ ሳይሰለች ይደጋግማል። ዋጋውና ጉዳቱ ግን ከሥር ይቀራል።

ይህ ዘዴ በገበያ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት ሕዝቡን ለጦርነቱ የሚቀሰቅስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው የማስታወቂያ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ክፍል ነበረው። በዚያ ኮሚቴ ከሠሩት አንዱ ኤድዋርድ በርኔይስ ከጦርነቱ በኋላ ያንኑ ሙያ ለኩባንያዎች አዋለው። በ1929 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ በአደባባይ እንዲሄዱ ያደረገው እርሱ ነው። ሲጋራውን የሸጠላቸው ነፃነት ነው ብሎ ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር ለሙስሊሙ ያቀረበችው ነገር ከላይ ባየናቸው አራት መንገዶች የተሠራ ነበር። አባቶቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት በደል ደርሶባቸው ነበር። ጣሊያን ይህን በደል አልፈጠረችውም፤ አገኘችውና ተጠቀመችበት። መስጂዶች አሠራች፣ በሙስሊም ትምህርት ቤቶች ዐረብኛ እንዲሰጥ ፈቀደች፣ ሑጃጆችን እየረዳች ወደ መካ ላከች። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሪ ሬዲዮ በዐረብኛ ለሙስሊሙ ዓለም ያሰራጭ ነበር። በመጋቢት 1929 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የኢስላም ሰይፍ» የተባለውን ተቀበለ፤ የእስልምና ጠባቂ ነኝም አለ።

ይህን ለመድረሳ ተማሪዎች ስነግራቸው አንዱ ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ ሰይፉን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሰይፉ የተሠራው እዚያው ጣሊያን፣ ፍሎሬንስ ከተማ ውስጥ ነው።

አሁን እጃችንን ወደ ክምሩ እናስገባ። በመስከረም 1924 ሊቢያ ውስጥ ሽማግሌውን ሙጃሂድ ዑመር አል-ሙኽታርን የሰቀለችው ይህችው ጣሊያን ናት። የጦር አዛዡ ግራዚያኒ ነበር፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ የባርቃ ሕዝብም በሽቦ በታጠረ ካምፕ ታጉሮ ነበር። ያው ግራዚያኒ ወደ እኛ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ የጀመረው ጭፍጨፋ፣ ኢትዮጵያ እንደምትለው 30,000 ሰው ፈጀ። በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 17 ቀን፣ ራስ ደስታ ዳምጠው እዚሁ ቡታጅራ ተገደሉ። የትሪፖሊው የሰይፍ ሥነ ሥርዓት የተደረገው ይህ በሆነ በወሩ ነው። በጦርነቱ የረጨችውን የመርዝ ጋዝ ደግሞ የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። መስጂዱ እውነት ነበር፤ ሐጁም እውነት ነበር። ከላይ ያለው ደረቅ እህል ግን ከሥር ያለውን ደም ሸፈነው። እንደ ዑመር ሰመተር ያሉ ሙስሊሞች ግን ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው ተዋግተዋል።

የተበደለ ወገንም በዚህ ወጥመድ ሊገባ ይችላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ በደሉ እውነት ነበር። በዚያው ዓመት ግን አንዲት ልጅ በአሜሪካ እንደራሴዎች ፊት ቀርባ፣ የኢራቅ ወታደሮች ጨቅላ ሕፃናትን ከማሞቂያ አውጥተው ወለል ላይ ጣሏቸው ብላ እያለቀሰች ተናገረች። በኋላ ልጅቱ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ፣ ለቀረበችውም በክፍያ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት እንዳዘጋጃት ታወቀ፤ ታሪኩንም ማረጋገጥ አልተቻለም። መበደል ለውሸት ፈቃድ አይሆንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2010 በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖቻችን መካከል፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ ወገኖቻችን መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው የተጋጩት። ማን አጠፋ የሚለውን ለሽማግሌና ለፍርድ እንተወው። በእንዲህ ያለ ቀን ግን ወጣቱ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ «ወገንህ አለቀ፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» የሚል መልእክት ከፎቶ ጋር ሊመጣ ይችላል። ፎቶው የሌላ ዓመት ወይም የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው የሚፈልገው ገንዘቡን ነበር፤ ይህኛው የሚፈልገው እጁን ነው።

ስለዚህ በመድረሳም በቤትም ልጆችን በቀላሉ ነገር እናስጀምራቸው። አንድ የሳሙና ወይም የለስላሳ ማስታወቂያ አምጡና አራት ነገር ይጠይቁ፦ የሚናገረው ማን ነው? ከእኔ ምን ይፈልጋል? የትኛውን ስሜቴን ነካ? ከሥር የደበቀው ምንድን ነው? ይህን ከለመዱ በኋላ የሙሶሊኒን ሰይፍ በዚሁ ይመርምሩ። ቀጥሎ በስልካቸው የደረሳቸውን ወሬ ይመርምሩ፤ የእኛን ወገን የሚደግፈውን ወሬ በተለይ። የሌላውን ብቻ የሚመረምር ልጅ ገና አልተማረም።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ አመጸኛ ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት እንድናጣራ አዞናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሰማውን ሁሉ መናገሩ ለውሸታምነት እንደሚበቃው አስተምረዋል። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ስልኩን አይቶ ፊቱ ተለዋውጦ ከቤት ሊወጣ ሲነሳ፣ በሩ ላይ «ማን ነው ያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ የፈጀው ደቂቃ የሁለት ቤት ልጆችን ሊያተርፍ ይችላል።

አላህ እውነቱን እውነት አድርጎ የሚያሳየን፣ የሐሰትንም ገጽታ የሚገልጥልን ያድርገን፤ ከተማዎቻችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።